ፍየልን እንደ አዲስ የተማረው መምህር

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ በረንዳ ላይ ጭኔ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ አሸዋ የጫኑ አህዮች አለፉ። "ውሻ" አለች በጣቷ እያመለከተች። እናትና አባቷ በሳቅ ፈረሱ። ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለእሷ በአራት እግሩ የሚሄድ ሁሉ የጎረቤታችን ውሻ ዘመድ ነው። እናቷ "ውሻ አይደለም፣ አህያ ነው" ብላ አረመቻትና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ልጅቷ ግን አህዮቹ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ድረስ አፏን ከፍታ ስታያቸው ቆየች። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያውም ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ ያቺ ሕፃን በዚያች ሰዓት በጭንቅላቷ ውስጥ የምትሠራውን ሥራ፣ ጢሙን የሚላጭ፣ ሸሚዙን የሚያስተኩስ ትልቅ ሰው ሲሠራው በዓይኔ አይቻለሁና። ያየሁትም አሰብ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ ዋጋውን ግን ጠይቁኝ። ክንድ የሚያክል ዓሣ በብር፣ በጆንያ የተጠቀለለ የበረዶ ቁራጭ በስሙኒ፣ ከማዶ ከየመን የሚመጣው ሽቶ ደግሞ አዲስ አበባ ቢሄድ የሚሸጥበትን ሩብ። ጂኦግራፊ ላስተምር ተመድቤ ስሄድ እናቴ ወፍራም ሹራብ ሻንጣዬ ውስጥ ከትታልኝ ነበር። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ የተቀበለኝን ሙቀት የሞተሩ ትኩሳት መስሎኝ ፈጠን ፈጠን ብዬ ራቅሁ፤ ማረፊያው ሕንፃ ስደርስም ሞተሩ የተከተለኝ መሰለኝ። አሰብ እንግዳዋን እንዲህ ነው የምትቀበለው። ቢሮውም ትምህርት ቤቱም በማለዳ ተከፍቶ ቀትር ላይ ይዘጋል። ከዚያ ከተማው በሙሉ ቬንቲሌተር ሥር ይተኛና አሥር ሰዓት ሲል እንደገና ይወለዳል። ጠዋት በካኪ ታንቆ ያየነው ሹም ማታ በሽርጥ ዘና ብሎ ይመጣል፤ እኛም ሴቶቹ ድሪያ የሚባለውን ስስ የቆላ ቀሚስ ለምደን የደጋ ቀሚሳችንን ለበዓል ብቻ እናወጣለን። ከወደቡ በር እስከ ገበያው በተዘረጋው መንገድ ዳር ተሳቢዎች ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ። ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ቤት በቆርቆሮ ወተት ያፈላችውን ሻይ በብርጭቆ ትሰጣለች፣ ካሴቷም እንዲሁ ይዘፍናል፤ አማርኛው ሲያልቅ ዓረብኛው፣ እሱ ሲያልቅ ትግርኛው። ዛሬ እዚህ ብርድ ልብስ ደርቤ ስቀመጥ ያ ሙቀት ይናፍቀኛል ብል የሚያምነኝ የለም።

የመምህራኑ ቤት በአንድ መስመር የተሠራ ነበር። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ባዮሎጂ የሚያስተምረው ጌታሁን ነው፤ ሚስቱ አስካለ ደግሞ የደሴ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ አንደበቷ የተባ፣ ከማንም በላይ የምወዳት ጓደኛዬ። ከጀርባችን የአፋሯ ሐስና ግቢ አለ። ሐስና ባሏ ወደቡ ላይ ይሠራል፤ እሷ ፍየሎቿን ታልብና ወተቱን ለእኛ ትሸጣለች። ፍየሎቿ እረኛ የላቸውም፤ ጠዋት ራሳቸው ወጥተው ገበያውን ሲዞሩ፣ ካርቶንና የሲሚንቶ ከረጢት ሲበሉ ይውሉና ጥላው ሲረዝም አንድ በአንድ ወደ በራቸው ይመለሳሉ። ጌታሁን ተጫዋች ሰው ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ተማሪዎቹን ዳርቻው ላይ እየወሰደ ሸርጣኑንም ቀንድ አውጣውንም በየዘሩ ያስለያቸዋል፤ ክፍል ውስጥ ቀልዱ አያልቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ ተባለና ራሱን እንደሳተ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። አስካለ አብራው ሄደች። ሲመለስ ከስቶ፣ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ ነበር እንጂ ደህና ነበር። ሁላችንንም በየስማችን ጠርቶ ሳመን። ሳይታመም የጀመረልኝን ጨዋታ ካቆመበት ቀጠለልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ዶሮ አረድን፤ ከወጡ ላይ አንድ ብልት አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ሲያየው ልብ ያልነው የለም።

ነገሩ የታወቀን ሻይ ቤቷ ጥግ ላይ ነው። ሦስታችን ከገበያ ስንመለስ ከደባይሲማ በኩል ከሰል የሚያመጣው ሰውዬ ግመሉን እየሳበ አለፈ። ጌታሁን ቀጥ ብሎ ቆመ። ገመዱን አየ፤ ጆንያዎቹን አየ፤ ከጎን የተንጠለጠለው የውሃ ጀሪካን ክዳኑ እንደላላ ለሰውዬው ነገረውና ራሱ አጠበቀለት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ በጨዋ ድምፅ "ይኼን ሁሉ የተሸከመው ምንድን ነው?" ሲል ጠየቀን። እኔ ቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አስካለ አልሳቀችም። ፊቱን ስታይ ነው የገባት። ከዚያ ወዲያ ስንፈትነው ጉዱ ወጣ፤ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ጠፍቶበታል። ሰው አልጠፋበትም፤ እኛን ያውቃል፣ ተማሪዎቹን ያውቃል። ዕቃ አልጠፋበትም፤ የእኔን ቬንቲሌተር ፈታትቶ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን እያለ በየስሙ እየጠራ ጠግኖልኛል። ፍየል፣ ድመት፣ ዶሮ፣ ዓሣ ግን ድራሻቸው የለም። በጾም ሰሞን ሳህን በቀረበለት ቁጥር "ይኼ የጾም ነው?" ይላል፤ የትኛው ምግብ ከምን እንደመጣ አያውቅምና። አስካለም "ብላ፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን" ትለዋለች።

የሚገርመው መጽሐፉ አልጠፋበትም። ስለ አጥቢ እንስሳት ጠይቁት፤ ጸጉር አላቸው፣ ደመ ሞቃት ናቸው፣ ልጆቻቸውን ወተት ያጠባሉ እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርድላችኋል። ይህን እያለ የሐስና ፍየል ግልገሏን እያጠባች ከፊቱ ትቆማለች፤ እሱ አያውቃትም። አንድ ቀን ምን እንደሚመስል እንዲነግረኝ ለመንኩት። ብዙ አሰበና እንዲህ አለኝ፤

"ስሙ አይደለም የጠፋኝ ብርሃኔ። ስም ቢሆን እፈልገው ነበር። እግሩን አያለሁ፣ ጆሮውን አያለሁ፣ ጸጉሩን አያለሁ። ተሰብስበው አንድ ነገር አይሆኑልኝም።"

ትምህርት ቤቱ በጎ አደረገና ባዮሎጂውን ለሌላ ሰጥቶ እሱን የእጅ ሥራ መምህር አደረገው። ደመወዙ አልተነካም፤ ተማሪዎቹም ወደዱት። ይኼው ነው፣ ተመስገን ብለን ልንለምደው ነበር፤ ሐስና ባትወልድ ኖሮ።

ሐስና ወልዳ ቀኑ ሲደርስ ሕፃኑን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛልን መጣች። እልል አልን፣ ተቀበልናት። ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ተመለከተ። ከዚያም እንዳያስቀይማት ተጠንቅቆ፣ ለስለስ አድርጎ "ምንድን ነው?" አላት። ለካ ከሰው ወገን አራስ ሕፃን ጠፍቶበት ኖሯል። ሐስና ነገሩን ስለምታውቅ አልተከፋችም፤ ሳቀችና "ሰው ይሆናል፣ ኢንሻላህ" አለችው። እኔ ግን አስካለን ነበር የማየው። ድሪያዋን ሆዷ ላይ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛው ነበር። እርጉዝ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ከእኔ ጋር ልብስ ልታጥብ መጥታ አንድም ልብስ ሳታጥብ ተቀመጠች። ለዓመታት የለመነችው ልጅ ነው፤ በየጠበሉ፣ በየሐኪሙ የተንከራተተችለት። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ነገረችኝ።

"በሽታውን እችለዋለሁ። ልጄን አይቶ 'ምንድን ነው' ካለኝ ግን ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አልችልም። ስለዚህ ሳይለኝ እሄዳለሁ።"

አሰብ ላይ ይህ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ የደጋ ሰዎች ሚስቶች ወደየአገራቸው ይወጣሉ፤ እርጉዞቹማ ሁሉም ይሄዳሉ፣ እናታቸው ቤት ይወልዳሉ፣ አራስነታቸውን ይጨርሳሉ፣ ሲበርድ ይመለሳሉ። አስካለም እንደሌሎቹ ደሴ እናቷ ጋ ልትሄድ ነው ተባለ። ጌታሁንም ደግ ነው አለ። ሄዳ እንደማትመለስ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከባልና ሚስት መካከል ገብቶ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ማዶ ሲስቁ ስሰማ ሻዬን ይዤ ወደ ደጅ እወጣ ነበር።

ይሁንና እስክትሄድ ድረስ አልተወችውም፤ አስካለ ማንንም በቀላሉ የምትተው ሴት አይደለችም። መጀመሪያ በመጽሐፉ ሞከረች። ሥዕሉን እየገለጠች ታሳየዋለች፤ እሱ የተጻፈውን በቃሉ ይልላታል፤ ወደ ደጅ ሲወጡ ያው ባዶ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቷ አለቀና መጽሐፉን ወርውራ፣ እጁን ይዛ እየጎተተች ሐስና ግቢ ወሰደችው። አንዲት ነጭ ፍየል ከገበያ ተመልሳ ጥላ ሥር ቆማለች። ቀንዷን ያዘችና "ሌላው ሁሉ ይቅር። ይህቺን አንዷን ብቻ እወቅልኝ" አለችው። ሐስና ዓዶ እንደምትባል ነገረችው፤ ዓዶ በአፋርኛ ነጭ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓቱን ከዓዶ ጋር ማሳለፍ ሥራው ሆነ። ፍየል ምንድን ናት ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ጎረቤትን እንደምናውቅ ነበር የሚያውቃት። ካርቶን ያበላታል፣ ስትሄድ ይከተላታል፣ ገበያ መሀል ቆማ ከሱቅ ስትባረር ያማልዳታል። መምህሩ ጨርቁን ጣለ የሚል ወሬ ተነሣ፤ ሻይ ቤቷ ውስጥ "ዛሬስ እመቤትህ የት አሉ?" እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም "ወደብ ወርደዋል" ብሎ ይመልሳል። ቀስ በቀስ ድምፅዋን ከሩቅ ለየ። ቀጥሎ አረማመዷን። አንድ ቀን ፊቷን ሳያይ፣ ከተሳቢ ጀርባ እግሯን ብቻ አይቶ "ዓዶ" አለ። አስካለ ሮጣ መጥታ ነገረችኝ፤ እግሩም፣ ጆሮውም፣ ጸጉሩም ተሰብስበው አንድ ሆኑለት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ከሐስና ፍየሎች አንዷ ቀይ ናት። ጌታሁን ቆሞ ተመለከታትና "ይህቺ ዓዶን ትመስላለች" አለ። ነጭና ቀይ ናቸው፤ አንዷ ቀንዳም፣ አንዷ ጎዳ። በምን መሰሉ? ብንጠይቀው አያውቅም። ትመስላለች አለ፣ በቃ። ጥቂት ቀን ቆይቶ የከተማው ፍየል ሁሉ ዓዶን መሰለ። በጎች በመኪና ተጭነው ለበዓል ሲመጡ እነሱንም ዓዶን ይመስላሉ አለ፤ ዞር ዞር አለና ደግሞ "ግን ዓዶ ብትሆን ጅራቷን ቀና ታደርግ ነበር" አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳያቸው የፍየል ጅራት ሽቅብ፣ የበግ ጅራት ቁልቁል መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም። እሱ ግን አንድ የነበረውን ለሁለት ከፈለውና ከበጎቹ አንዷን መርጦ ለበግ ወገን አለቃ አደረጋት። ከሰል የሚያመጣው ሰውዬ ግመል የግመሎች አለቃ ሆነ፤ የሻይ ቤቷ ድመት የድመቶች፤ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ወርዶም አንድ ቀይ ዓሣ አገኘ። እነዚህን አለቆች "የመጀመሪያዎቹ" ይላቸው ነበር። "የመጀመሪያውን አንዴ ካገኘሁት ሌላው ራሱ እየመጣ ይጠጋዋል" አለኝ አንድ ቀን፣ እሱም እየገረመው።

እኔ መምህር ነኝ፤ ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ የብስ ነው እያልኩ ስንቱን ትውልድ አስጽፌያለሁ። ጌታሁንን ካየሁ በኋላ ግን የተማሪዎቼን ፊት ሳይ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። እያንዳንዳቸው ገና ሳይናገሩ፣ ማንም ወንበር ላይ ሳያስቀምጣቸው፣ እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ዓለምን በየወገኑ ከፍለው ጨርሰው ነው ወደ እኛ የሚመጡት። ያን የሚያህል ሥራ ሲሠሩ ያየናቸው የለም፤ እነሱም አያስታውሱትም። አንድ ውሻ ያያሉ፤ ከዚያ ያላዩትን የዓለምን ውሻ ሁሉ ያውቃሉ። እኛ የምንሰጣቸው ፍቺ ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ ነው። ፈጣሪ በሰው ራስ ውስጥ ያስቀመጠውን ይህን ነገር ሳስብ እስከ ዛሬ እፈራለሁ፤ ደስ የሚል ፍርሃት ነው።

ሕፃን ግን እምቢ አለው። አስካለ የሐስናን ልጅ የመጀመሪያው ልታደርግለት ብዙ ደከመች። ትወስደዋለች፣ ታሳቅፈዋለች፣ ስሙን ትነግረዋለች። እሱም ከሩቅ ሲያየው "የሐስና ልጅ" ይል ጀመርና ደስ አለን። አንድ ቀን ሐስና አረንጓዴውን ጨርቅ አጥባ ልጁን በነጭ ጠቅልላ ብትመጣ አላወቀውም። ለካ ያወቀው ጨርቁን ኖሯል። ያን ዕለት አስካለ የአውሮፕላን ቲኬቷን ቆርጣ መጣች። እሱ ደግሞ ምስኪን፣ ጥፋቱ ገብቶት "ዓዶ ሁልጊዜ ዓዶ ናት፤ ይህ ግን በየሳምንቱ ሌላ ነው፣ እስክይዘው ያመልጠኛል" እያለ ይብሰለሰል ነበር።

መሄጃዋ ሲቃረብ ዓዶ ወለደች። አሥር ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሐስና ጠራችንና በአጥሩ ላይ ሆነን እናያለን። ጌታሁን መሬት ላይ ተንበርክኮ አጠገቧ ነው። ግልገሏ ወጣች፤ ርጥብ፣ እግሯ የታጠፈ፣ ከዓዶ ጋር የሚያገናኛት አንድም ነገር የሌላት፣ ቀለሟ እንኳ ጥቁር። ዓዶ ትልሳት ጀመር። እኔ አስካለን እጇን ያዝኳት፤ ያቺን ቃል እንዳይላት ፈርቼ። ጌታሁን ቀና ሳይል "ይህቺ ዓዶን አትመስልም" አለ። ዓዶ ስትልሳት አየና "የዓዶ ናት ግን" አለ።

አስካለ ያን ቀን ቲኬቷን መለሰች። እናቷ ተቆጡ፣ ጎረቤት ተገረመ፤ በዚያ ቃጠሎ እዚህ ልትወልድ አብዳለች ተባለ። "ሲወለድ ያየዋል። ከኔ ሲወጣ ካየው የኔ መሆኑን ያውቃል" ነበር የምትለኝ። ይህን ተስፋዋን ይዛ ሆስፒታል ሄዳ አዋላጇን ለመነች። አዋላጇ ደግ ሴት ነበረች፤ ግን ባል ማዋለጃ ክፍል ይግባ የሚል ጥያቄ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ዶክተሮቹ ራሳቸው ሚስቶቻቸው ሲወልዱ ደጅ ነው የሚቆሙት አለችና በሩ ተዘጋ። አስካለ ምጥ ይዟት ስትገባ ትከሻዬን ጨብጣ "አጠገቡ ሁኚ" ብላኝ ብቻ ገባች።

ረፋዱ ላይ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲሌተር ይንጫጫል፤ ጌታሁን ሽቅብ እያየ ኩሽኔታው ዘይት እንደሚፈልግ ይነግረኛል። ፈርቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ከውስጥ ጩኸት መጣ፣ ቀጥሎ ያቺ ቀጭን ድምፅ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ነርሷ ጥቅል ይዛ ወጣች። አየሁት፤ እንደ ሐስና ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ፊቱ ያበጠ፣ ዓይኑ የተጨፈነ፣ እውነቱን ለመናገር ማንም ቢያየው ምን እንደሆነ ለማለት የሚቸግር። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። አስካለ ከውስጥ ትንፋሿን ይዛ እየሰማች እንደሆነ አውቃለሁ።

ነርሷ የሁላችንም ልማድ ነውና፣ አራስ ቤት የገባ ሁሉ የሚጠይቀውን እሷም ፈገግ ብላ ጠየቀችው።

"ማንን ይመስላል?"

ጌታሁን ተቀበላት። አላወቀበትም፤ ክንዱ ላይ እንዴት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት እሷ አስተካከለችለት። ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ከዓዶ ጋር እንዳደረገው ነው ያደረገው፤ ጆሮውን አየ፣ ጣቶቹን አየ፣ እርጥብ ጸጉሩን አየ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ ውስጤ ጸሎት ላይ ነው፤ ያቺን ቃል አውጥቶ ካላት ሁሉም ነገር በዚያች በር ላይ ያልቃል።

"ማንንም አይመስልም" አለ።

ልቤ ወረደ። ነርሷም ፈገግታዋ ጠፋ። እሱ ግን ወደ እኛ አላየም፤ ዓይኑ ከልጁ አልተነሣም። ፊቱ ላይ ያየሁትን ብርሃን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በማንም ፊት ላይ አይቼው አላውቅም።

"ማንንስ ይመስላል? የመጀመሪያው እሱ ነው" አለ፣ አስካለ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ከውስጥ የአስካለ ለቅሶ ተሰማ። ነርሷ ልጁን መልሳ ልትወስደው እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም። በትከሻው በሩን ገፋ አድርጎ፣ ወንድ በማይገባበት ክፍል ልጁን ይዞ ገባ።